እኛም እዚያ ነበርን

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው የመጣሁት። እዚህ አሜሪካ ቀኝ እጃችንን አንስተን፣ ምለን ዜግነት የወሰድን ሁላችንን ይመለከታል። እኔንም ጭምር።

ባለፈው ሳምንት ሥራ ቦታ፣ ምሳ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አየሁ። የማናውቃት ሴት ገመና ነው። ሳታውቅ እንደተቀረጸች ያስታውቃል። አራት ሰው አየው። አንዱ «ጉድ ነው!» አለ። አንዱ «ላክልኝ» አለ። «ይቺ ልጅ ፈቅዳለች ወይ?» ያለ የለም። እኔ ተራዬ ሳይደርስ ተነስቼ ወጣሁ። ግን አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ያ ዝምታዬ ነው። ማታ ቤት ገብቼ ስለ ጎከር ልጽፍላችሁ ወሰንኩ።

ጎከርን የምታስታውሱት ታስታውሱታላችሁ። ኒክ ዴንተን የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒውዮርክ ላይ የጀመረው ሚዲያ ነው። ከጊዜ በኋላ ጊዝሞዶ፣ ዴድስፒን፣ ጄዝበል፣ ላይፍሃከር፣ ኮታኩና ጃሎፕኒክ የሚባሉ እህት ገጾች ያሉት ትልቅ ኩባንያ ሆነ። ሐሜት ይወድ ነበር። ደፋር ዜናም ይሠራ ነበር። የቶሮንቶው ከንቲባ ሮብ ፎርድ ክራክ የሚባለውን ዕፅ ሲያጨስ የሚያሳይ ቪዲዮ እንዳለ በ2013 ያወጣው ጎከር ነው። በ2014 መጀመሪያ ላይ፣ አብዛኛው ሚዲያ የኮሜዲያኑን የቢል ኮዝቢን ጉዳይ ረስቶ በተቀመጠበት ሰዓት፣ ሴቶች ያቀረቡበትን የወሲብ ጥቃት ክስ መልሶ ያነሳውም እሱ ነው። ይህን የምነግራችሁ በኋላ የምለው እንዳያሳስታችሁ ነው።

ቢሮው ውስጥ ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሎ ነበር። የትኛው ጽሑፍ ብዙ ሰው እየሳበ እንዳለ እዚያው በዚያው ያሳያል። የሰው ቁጥር ሲጨምር ጽሑፉ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲቀንስ ይወርዳል። በ2008 ደግሞ የጸሐፊዎቹን ክፍያ ከተመልካች ቁጥር ጋር አያያዙት። ይቺን ነገር ያዙልኝ። ያ ቁጥር ከሰማይ አልወረደም። የእኛ ጣት ነው። እኛ ስንነካው ይወጣል፣ እኛ ስንተወው ይወርዳል። እዚያ ቢሮ ውስጥ አለቃው ዴንተን ብቻ አልነበረም። እኛም ነበርን፤ ያውም በየደቂቃው ትእዛዝ የምንሰጥ አለቆች።

ኦክቶበር 2012 ጎከር አንድ ቪዲዮ አወጣ። ሀልክ ሆጋን፣ ሪንግ ላይ ቲሸርቱን ሲቀድ የምናውቀው ያ ግዙፍ ሬስለር፣ መኝታ ቤት ውስጥ ከሴት ጋር ያለ። ሆጋን ሲቀረጽ አላውቅም ነበር አለ። ጎከር ቪዲዮውን ቆራርጦ፣ ከጽሑፍ ጋር ለጠፈው። ሕዝቡም ተግተልትሎ ገባ። ከመካከላችን ስንቶቻችን ከፍተን አይተን ይሆን? አትንገሩኝ። ለራሳችሁ መልሱት።

እውነተኛ ስሙ ቴሪ ቦሊያ ነው። ከሰሰ። የጠየቀው 100 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2013 የፍሎሪዳ ዳኛ «አውርዱት» ብለው ሲያዙ፣ ጎከር ቪዲዮውን አውርዶ ጽሑፉን ግን አላወርድም አለ። እንዲያውም አላወርድም ማለቱን ራሱን ዜና አድርጎ ጻፈው። የፕሬስ ነጻነት ነው ብሎ ነው። ወገኖቼ፣ የፕሬስ ነጻነት ትልቅ ነገር ነው። ሰው የታሰረለት፣ የተሰደደለት ነገር ነው። በሰው መኝታ ቤት በር ላይ ምንጣፍ አድርገው ሲያነጥፉት ያመኛል።

ማርች 2016 ጉዳዩ ሴንት ፒተርስበርግ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ለችሎት ቀረበ። ፒኔላስ ካውንቲ ማለት ነው። ከሳሹ ጥቁር ሻሽ ራሱ ላይ አስሮ ምስክርነት ሰጠ። ሆጋን የመድረክ ሰው ነው፣ ቴሪ ግን ሌላ ሰው ነው፣ የተነካው ቴሪ ነው እያለ አስረዳ። ከሁሉ የከፋው ግን የጎከሩ ኤዲተር ቀደም ብሎ በቪዲዮ የሰጠው ቃል ነበር። የታዋቂ ሰው የወሲብ ቪዲዮ ዜና የማይሆንበት ጊዜ አለ ወይ ብለው ጠየቁት። ሕፃን ከሆነ አለ። ከስንት ዓመት በታች? አራት አለ። በኋላ የምሬን አልነበረም አለ እንጂ፣ ስድስቱ ጁሪዎች፣ ማለትም ፍርድ ለመስጠት የተመረጡት ተራ ዜጎች፣ ሰምተውታል። ማን ይመልሰዋል?

ስድስት ሰዎች። ዝነኛ አይደሉም፣ የሕግ ሊቅ አይደሉም። እንደ እኔና እንደ እናንተ በፖስታ ደብዳቤ የተጠሩ ናቸው። ለምስክሮች በጽሑፍ ጥያቄ ማቅረብ ተፈቅዶላቸው ነበር፣ አቅርበዋልም። መጀመሪያ 115 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱ። ከሦስት ቀን በኋላ 25.1 ሚሊዮን የቅጣት ካሳ ጨመሩበት። በድምሩ 140.1 ሚሊዮን ዶላር። ከቅጣቱ 15 ሚሊዮኑ ኩባንያው ላይ፣ 10 ሚሊዮኑ ዴንተን ላይ፣ 100,000 ዶላሩ ኤዲተሩ ላይ።

ያን ቀን አስታውሳለሁ። መኪና ውስጥ ሬዲዮ እየሰማሁ ነበር። «እሰይ!» ነው ያልኩት። የእጃቸውን አገኙ። ብዙዎቻችን እልል አልን። ያው ቪዲዮውን ከፍተን ያየን ሰዎች፣ ያወጣው ሲቀጣ አጨበጨብን። እጃችንን ታጥበን፣ አፋችንን ጠርገን። አንድም ሰው «የተመልካቹስ?» አላለም።

ማጨብጨባችን ሳያልቅ ሜይ ላይ ሌላ ጉድ ወጣ። የሆጋንን የጠበቃ ወጪ ሲከፍል የነበረው ፒተር ቲል ነው። ከፔይፓል መሥራቾች አንዱ፣ ፌስቡክ ላይ ከውጭ መጀመሪያ ገንዘብ ያፈሰሰ ቢሊየነር። ለእነዚህ ክሶች 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዳወጣ ራሱ ተናገረ። ለምን? በ2007 የጎከር እህት ገጽ የሆነው ቫሊዋግ፣ ቲል ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑን ሳይጠይቀው ለዓለም አወጀበት። አንዳንዶቻችሁ እዚህ ጋ ፊታችሁን ስታጨማድዱ ይታየኛል። ስለ ሰውየው ሕይወት ያላችሁን አስተያየት ለራሳችሁ ያዙት። የሰውን የግል ሕይወት ሰውየው እንጂ ሌላ አያወጣለትም። ለምትወዱት ሰው የምትሰጡትን ከለላ ለማትወዱት ካልሰጣችሁ፣ ከመጀመሪያውም ከለላ አልነበረም።

ቲል ተበድሏል። በዚህ አልከራከርም። ግን የመለሰበትን መንገድ እዩት። ለዓመታት በስውር ጠበቃ ከፈለ። የፈረዱት ስድስቱ ሰዎች እንኳ ከጀርባ ማን እንዳለ ሳያውቁ ነው የፈረዱት።

አንዲት ነገር ደግሞ ልጨምርላችሁ። ሰዎች አያነሷትም፣ እኔን ግን እንቅልፍ የነሳችኝ እሷ ናት። የሆጋን ጠበቆች በ2015 ከክሱ ውስጥ አንዱን ነጥብ በፈቃዳቸው አወጡት። ያ ነጥብ ቢኖር ኖሮ የጎከር ኢንሹራንስ ከካሳው ይከፍል ነበር። ካሳ የሚፈልግ ሰው ሊከፍል የሚችለውን ኢንሹራንስ ለምን ያባርራል? ያን ጊዜ ብዙ ሰው ግራ ገብቶት ነበር። የቲል ስም ሲወጣ ገባን። ኩባንያው ራሱ ከኪሱ እንዲከፍል፣ ከፍሎም እንዳይነሳ ነው።

ገና ፍርዱ ሳይመጣ ጎከር በጠበቃ ወጪ ተዳክሞ ነበር። በጃንዋሪ 2016 ለክሱ መቋቋሚያ ብሎ የድርሻውን ከፊል ለውጭ ባለሀብት ሸጧል። ከፍርዱ በኋላ ይግባኝ ማለት መብቱ ነው። ግን በፍሎሪዳ ሕግ ይግባኙ እስኪታይ ንብረትህ እንዳይነካ ዋስትና ታስይዛለህ፤ ጣሪያው 50 ሚሊዮን ዶላር ነው። ጎከር ያን ያህል ከየት ያምጣ? ዳኛዋ እፎይታ አልሰጡትም። ጁን 10 ቀን ኒውዮርክ ውስጥ ቻፕተር 11 የሚባለውን የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ኦገስት መጀመሪያ ላይ ዴንተን ራሱ በግሉ ከሰረ። ዚፍ ዴቪስ የተባለው ኩባንያ 90 ሚሊዮን ብሎ ጨረታውን ከፈተ፣ ዩኒቪዥን በ135 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። ዩኒቪዥን እህት ገጾቹን አስቀጥሎ ጎከርን ራሱን ተወው። ኦገስት 22 ቀን 2016 ጎከር ተዘጋ። ኖቬምበር ላይ ከሆጋን ጋር በ31 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ። ይግባኙ ሳይታይ ቀረ።

ይግባኙ ሳይታይ ቀረ። ይቺን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡልኝ። ጎከር ይግባኙን ያሸንፍ ነበር ወይስ ይሸነፍ ነበር? ማንም አያውቅም፤ ምክንያቱም በር ላይ መግቢያው 50 ሚሊዮን ነው። እናንተ «ፍትሕ ተገኘ» ብላችሁ ያጨበጨባችሁለት ነገር ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ፍትሕ ነው።

የመጀመሪያው ጥፋታችን ማየታችን ነው፣ ሁለተኛው ማጨብጨባችን። ሁለቱም አንድ ናቸው። ሁለቱም ጊዜ ሳንጠይቅ ነው። ቪዲዮውን ስንከፍት «ፈቅዷል ወይ?» አላልንም። ኩባንያው ሲወድቅ «የገፋው ማነው?» አላልንም። መልሱ የሚከብድ ሆኖ አይደለም። ጥያቄው ደስታችንን ስለሚያበላሽብን ነው።

ነግ በኔ የሚባለውን ረሳነው። ነገ አንድ ባለጸጋ አንዲት አነስተኛ የአማርኛ ፕሮግራም ቢጠላ፣ አንድ ሰው ቤቱ ሆኖ በአንድ ማይክ የሚያዘጋጃት ብትሆን፣ 10 ሚሊዮን አያስፈልገውም። አንድ የጠበቃ ደብዳቤ ይበቃታል። ያን ቀን «የት ሄደች?» እንላለን። ከንፈር እንመጥጣለን። በዚያው ፕሮግራም ላይ ግን የሰው ትዳር ሲፈርስ፣ የሰው ልጅ ሲዋረድ የተላለፈውን ክፍል ከፖለቲካ ትንታኔው ይበልጥ ሰው አይቶት ይሆናል። አዘጋጁም ቁጥሩን ያያል። በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚሠራ የምንነግረው እኛ ነን። ከዚያ «ሚዲያ ተበላሸ» እያልን እናማለን። ማን አበላሸው? ደግ ሥራ ሲሠሩ ስንቶቻችን እስከ መጨረሻው አየን?

የጁሪውን ነገር ዝም ብዬ አላልፍም። ደብዳቤው ሲመጣ ምን እንደምናደርግ እንተዋወቃለን። «እንግሊዝኛዬ አይበቃም» እንላለን፤ የዜግነቱን ቃለ መጠይቅ በእንግሊዝኛ አልፈን። «ሥራ አለብኝ» እንላለን። ለወዳጅ ደውለን ማምለጫ እንጠይቃለን። አንዱ ወዳጄ ደብዳቤውን ሳይከፍተው ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር ቆሻሻ ውስጥ ሲጥለው በዓይኔ አይቻለሁ። ወገኔ፣ በዚህ አገር አንድ ሬስለር፣ አንድ ኩባንያ፣ አንድ ቢሊየነር ሲፋጠጡ የመጨረሻውን ቃል የተናገሩት ስድስት የመንደር ሰዎች ናቸው። አንተ የተጠራኸው እዚያ ወንበር ላይ እንድትቀመጥ ነው። ሂድ። ተቀመጥ። ያልገባህን በጽሑፍ ጠይቅ። ስልክ ላይ ፈራጅ ለመሆን የማትሰንፍ ሰው፣ እውነተኛው ወንበር ሲቀርብልህ አትሽሽ።

ሀልክ ሆጋን በ2025 አረፈ። ቪዲዮውን በዓይናቸው ሲያሳድዱ የነበሩ ሰዎች ስሙን በ«ነፍስ ይማር» ሼር ሲያደርጉ አየሁ። ምንም አልጻፍኩም፣ ግን ከብዶኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሥራ እገባለሁ። «ላክልኝ» ያለውን ልጅ በደንብ አውቀዋለሁ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሁለት እህቶች አሉት። ቡና እጋብዘዋለሁ፣ ከሰው ገለል አድርጌ። ያን ቪዲዮ አጥፋው እለዋለሁ። ለማን እንደላከው እጠይቀዋለሁ፤ እነሱንም እንዲያጠፉት እንዲነግራቸው። ባለፈው ሳምንት ዝም ብዬ በመውጣቴም ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።