የክላርክ ቤት ሌንሶች፦ ዩኒቨርሲቲዎች ከአንድ ሠሪ መግዛታቸው ሳይንሱን ጎድቷልን?

በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የታላላቅ ቴሌስኮፖቻቸውን ሌንስ ያሠሩት በአብዛኛው በአንድ ቤት ነበር፤ እርሱም በማሳቹሴትስ ካምብሪጅፖርት የነበረው የአልቫን ክላርክና የልጆቹ ወርክሾፕ ነው። ይህ ሳይንሱን ጎድቷል የሚለውን ሐሳብ አንዲት የፊዚክስ መምህርት ደግፈው፣ አንድ የመነጽር ሌንስ ሠሪ ተቃውመው ጽፈዋል።

መምህርቷ፦

የፕሪንስተን 23 ኢንች (ቁጥሩ የሌንሱ ስፋት ነው)፣ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ 26 ኢንች፣ በ1888 ሥራ የጀመረው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኮከብ መመልከቻ ጣቢያ የሊክ 36 ኢንች፣ በ1897 የተተከለው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የየርክስ 40 ኢንች፣ ሁሉም ሌንሳቸው የወጣው ከዚያው ቤት ነው። ቤቱ የሌንስ ቤት ስለነበረ፣ ደንበኞቹ ትልቅ ቴሌስኮፕ ማለት ትልቅ ሌንስ ማለት ነው ብለው እንዲያምኑ ሆኑ። ሌንስ ግን ብርሃን በመሐሉ ስለሚያልፍ በጠርዙ ብቻ ነው የሚያዘው፤ ሲሰፋ በገዛ ክብደቱ ይለምጣል፣ ሲወፍር ብርሃኑን ይውጣል። የየርክሱ ሌንስ 225 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ብርሃን የሚያንጸባርቅ መስታወት ደግሞ ከጀርባው ሊደገፍ ይችላል። ሊክ በ1895 ከእንግሊዝ በስጦታ ያገኘው ክሮስሊ የተባለው ባለ 36 ኢንች መስታወት ቴሌስኮፕ በጣቢያው ኃላፊ በጄምስ ኪለር እጅ ከ1898 እስከ 1900 ባሉት ዓመታት እጅግ ብዙ ያልታወቁ ኔቡላዎችን (በሰማይ ደመና መስለው የሚታዩ አካላትን) በፎቶግራፍ አስመዝግቧል፤ ለዓይን ተብሎ የተስተካከለው ታላቁ ሌንስ ለዚህ ሥራ አይመችም ነበር። የአንድ አገር ሥነ ፈለክ በአንድ ሽማግሌ አውራ ጣት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ብል ማጋነን አይደለም፤ አልቫን ክላርክ የመጨረሻውን ማለስለስ በአውራ ጣቱ ይሠራ ነበርና። የመጨረሻው ልጁም በ1897 የየርክሱ ቴሌስኮፕ ሰማይ ማየት በጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲሞት፣ ከዚያ የሚበልጥ ሌንስ በምርምር ጣቢያ ሳይተከል ቀረ።

መነጽር ሠሪው፦

መምህርት፣ ብዙ ጽፈዋል፤ እኔ ግን «የአንድ ሽማግሌ አውራ ጣት» ያሉትን አልፌ መሄድ አልቻልኩም። ሌንስ ስሞርድ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ መሣሪያው ልክ ነው ባለ ጊዜ እንኳ፣ አንዲት የተረሳች ጉብታ ትቀራለች፤ እርሷ በቀይ ዱቄትና በጣት ካልሆነ አትነሳም። ጣት የነካው ቦታ በሙቀት ያብጣል፤ ስለዚህ አሥር ጊዜ አሽቶ አንድ ሰዓት መጠበቅ፣ ሲበርድ መርምሮ እንደገና ማሸት ነው። ይህን የሚችል ሰው በየመንደሩ አይገኝም። የአልቫን ልጅ ጆርጅ ክላርክ ተማሪ ሳለ በ1844 የተሰበረ የትምህርት ቤት የምሳ ደወል አቅልጦ የመጀመሪያውን የቴሌስኮፕ መስታወት ሲሠራ ያዘዘው ፕሮፌሰር አልነበረም። ሲሪየስ የተባለውን ኮከብ አንድ የማይታይ ጓደኛ ኮከብ እንደሚጎትተው ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ቤሰል በ1844 በስሌት ተናግሮ ነበር፤ ያንን ጓደኛ ጃንዋሪ 31 ቀን 1862 ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኑ ያየው ባለ 18 ኢንች ተኩል ሌንሱን ሲፈትን የነበረው የሠሪው ልጅ አልቫን ግራሃም ነው። ሌንሱን ያዘዘው የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ሳይረከበው ቀረ፤ ሌንሱ ቺካጎ ገባ፣ በሚሲሲፒ የተዘጋጀለት ቤትም ባዶውን ቆመ። በአገራችን ብረት የሚሠራው ቀጥቃጭ፣ ሸክላ የምትሠራው ቡዳ ሲባሉ ኖረዋል። አባቴ ብረት ሠሪ ነበር። ያንኑ ድምፅ ከዩኒቨርሲቲ መምህርት ብዕር መስማቴ አሳዝኖኛል።

መምህርቷ፦

ጋሼ፣ ያላልኩትን አስባሉኝ። ጣቱ አንድ ነው አልኩ እንጂ ዝቅ ያለ ነው አላልኩም። ስለ አባትዎ ሙያ ያለኝን አክብሮት ሳያውቁ እንዲህ መጻፍዎ ከብዶኛል። ደግሞም አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ የክሮስሊውን መስታወት ለምን አልነኩትም? ሌላ ሠሪ አልነበረም እንዳይሉም የቪየና ዩኒቨርሲቲ ኦብዘርቫቶሪ 27 ኢንቹን በደብሊኑ ቴሌስኮፕ ሠሪ በግረብ አሠርቷል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሠሪው ሲጠፋ የሚሆነው ነው። በማስተምርበት ክፍል አንድ አነስተኛ ቴሌስኮፕ አለ፤ ኮከብ እየተከተለ የሚያዞረው ሞተር ከቆመ አራት ዓመት ሆነው። ሠሪው ሩቅ ነው፣ መለዋወጫው ከእርሱ በቀር የለም። ላስቲክ ተሸፍኖ ከኮሪደር ጥግ ቆሟል፤ ተማሪዎቼ በየሴሚስተሩ በላስቲኩ ውስጥ ያዩታል።

መነጽር ሠሪው፦

አራት ዓመት ሙሉ ላስቲኩን ገልጦ አራት ብሎን የፈታ ሰው መጥፋቱ ሠሪው አንድ ስለሆነ አይደለም፤ አሥር ሠሪ ቢኖርም ያው ነው። ወደ ጣቱ ልመለስ። ሌንስ ሲሰፋ በክብደቱ ይለምጣል ብለዋል፤ ልክ ነው። ታዲያ ከ40 ኢንች በላይ አለመሄዱ የተፈጥሮ ገደብ ከሆነ፣ የልጁን ሞት ከጎኑ ያስቀመጡት ለምንድን ነው? ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ማለት አይቻልም። ፎቶግራፍን በተመለከተም የቨርጂኒያው 26 ኢንች ከ1914 ጀምሮ የከዋክብትን ርቀት በፎቶግራፍ ሲለካ ኖሯል፤ በ1943 የወጣው የሥነ ፈለክ ተመራማሪው የሞርጋንና የባልደረቦቹ የከዋክብት ምደባም የተሠራው በየርክሱ ሌንስ በተነሡ ምስሎች ነው። ሩሲያ ፑልኮቮ የኮከብ መመልከቻ ጣቢያ ድረስ 30 ኢንች ከዚያው ቤት የታዘዘው ሥራው ታይቶ ነው፤ ማንም አላስገደዳቸውም።

መምህርቷ፦

የልጁን ሞት ያነሳሁበትን አረፍተ ነገር እተዋለሁ፤ «ተንጠልጥሎ» ያልኩትን ግን አልተውም፤ እንዲያውም ያ ቤት ራሱ በሌላ ቤት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ለሊክ ሌንስ የሚሆነው ጥሬ ብርጭቆ የሚመጣው ከፓሪስ ሲሆን፣ ከሁለቱ ዝርግ አንዱ ሲታሸግ ተሰብሮ ደህና ምትክ እስኪገኝ ዓመታት ወስዷል። ወደ እኛም ልምጣ። በእንጦጦ በ3200 ሜትር ከፍታ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ ሁለቱም ተሠርተው የመጡት ከውጭ ነው። የምጠይቀው ከማን ተገዙ የሚለውን አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሌላ ሲገዙ፣ ሠሪው ንድፉን እንዲያስረክብና የእኛን ሰዎች ወርክሾፑ ውስጥ አስገብቶ እንዲያሠለጥን በውሉ ላይ ይጻፍ።

መነጽር ሠሪው፦

ይህን ከመጀመሪያው ብለውት ቢሆን ኖሮ አልከራከርዎትም ነበር። ነገር ግን ማን እንደሚላክም በውሉ ይጻፍ። የሚላኩት ባለ ዲግሪዎች ብቻ ከሆኑ መመሪያውን አንብበው ይመለሳሉ፤ ጣት ያለውም ይላክ። ያ ላስቲክ የለበሰው ቴሌስኮፕ የት እንዳለ ይንገሩኝ፤ ቅዳሜ መሣሪያዬን ይዤ እመጣለሁ። ሌንሱን ግን እኔ እስክደርስ ማንም በጨርቅ እንዳይነካው።