ከውዱ መርፌ በፊት ፊዚዮቴራፒ ወደ ኮዬ ፈጨ ይምጣ

በአዲስ አበባ ዳር ባሉት ሰፈሮች፣ ኮዬ ፈጨም ሆነ ቱሉ ዲምቱ፣ ስትሮክ የመታው ሰው ያለበት ቤት ውሎ ሳያድር አንድ ወሬ ይደርሰዋል። የአንጎል ሴል እንደገና የሚያበቅል መርፌ አለ፣ ውጭ አገር ይሰጣል፣ የሚያስመጡም አሉ ይባላል። ዋጋው ሲጠራ ቤተሰቡ ዕቁቡ ቀድሞ እንዲደርሰው ይለምናል፣ ከዘመድ ይበደራል፣ የአንገት ወርቅ የሚሸጥም አለ። ይህን የምጽፈው ብሩ ከእጃቸው ከመውጣቱ በፊት እንዲያነቡት ነው።

ወሬው ከባዶ የተነሳ አይደለም። የዕድገት ፋክተር የሚባሉት ሰውነታችን ራሱ የሚሠራቸው ፕሮቲኖች ናቸው፤ ሴሎች እንዲያድጉና ከጉዳት እንዲተርፉ ምልክት ይሰጣሉ። ጣሊያናዊቷ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ በዚህ ሥራ ከስታንሊ ኮኸን ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች። ከዚያ ወዲህ ስትሮክ እንዲይዛቸው ተደርገው ፋክተሩ የተሰጣቸው አይጦች በብዙ ሙከራ ተሽሏቸዋል።

ሰው ላይ ሲደርስ ግን ተስፋው አልጸናም። ለኩላሊት ሕመምተኞች ደም ማነስ የሚታዘዘው ኤሪትሮፖይቲን የተባለ የዕድገት ፋክተር እ.ኤ.አ. በ2002 ጀርመን ውስጥ በጥቂት የስትሮክ ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ በሆነው፣ 522 ሰዎች በተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት 16.4 በመቶ ሲሞቱ፣ ካልወሰዱት የሞቱት 9 በመቶ ናቸው። ነጭ የደም ሴል የሚያበዛው ጂሲኤስኤፍ የተባለው ፋክተርም እ.ኤ.አ. በ2013 በ328 ሕመምተኞች ላይ ለውጥ አላመጣም። አይጡ ወጣትና ጤነኛ ነው፤ የእኛ ሕመምተኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፋ፣ ግፊትና ስኳር ያለበት ነው። በዚያ ላይ ደም ውስጥ የገባ ትልቅ ፕሮቲን ወደ አንጎል በቀላሉ አያልፍም።

በብዙ አገር ለስትሮክ የሚሸጠው ሴሬብሮላይሲን የተባለው መርፌ የሚዘጋጀው ከአሳማ አንጎል ነው። ጾም ጸሎት ለሚያውቅ፣ ሶላት ለሚሰግድ ቤተሰብ ይህን ሳይነግሩ መውጋት በደል ነው እላለሁ። ሙከራዎቹ ተሰብስበው ሲመረመሩም ከሞት ማትረፉ አልታየም፤ ይልቅ ከባድ ጉዳት ሊያበዛ እንደሚችል የሚጠቁም ነገር ተገኝቷል።

የሚረዳው ነገር ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ርካሽ ነው፣ አሰልቺ ግን ነው። የደከመውን እጅና እግር ሥራ እየሰጡ፣ ያንኑ እንቅስቃሴ ደጋግሞ ማሠራት። አንጎል የተረፈውን ክፍል በልምምድ መልሶ ያደራጃል። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ስትሮክ ከያዛቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸውን 222 ሰዎች ይዞ፣ ጤነኛውን እጅ በጓንት ሸፍኖ የደከመውን ለ2 ሳምንት በብርቱ አሠራ። እጃቸው ተሻሻለ፤ ከዓመት በኋላም መሻሻሉ አልጠፋም። ዘዴው ጣቶቹ ጥቂትም ቢሆን ለሚንቀሳቀሱለት ሰው ነው፤ የሚጠይቀው ግን ጓንትና የሚያሠራ ባለሙያ ብቻ ነው።

ያ ባለሙያ ነው የራቀን። አባትን ሊፍት ከሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በወንበር ተሸክሞ ማውረድ፣ ኮንትራት ታክሲ ይዞ መሀል ከተማ መድረስ፣ ተራ መጠበቅ፣ ማታ ደግሞ ያንኑ ደረጃ መውጣት ነው። ቤተሰቡ እስኪደክመው ይመላለስና ይተዋል። በዚያ ድካም ላይ ነው መርፌ ሻጩ የሚደርሰው፤ ለዚህ ነው ቤተሰቡን መውቀስ የማይሆንልኝ።

ስለዚህ ጤና ቢሮው በእነዚህ ሰፈሮች ጤና ጣቢያዎች ፊዚዮቴራፒስት ይመድብልን። እስከዚያ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሕመምተኛ እንዴት እንደሚገላበጥ፣ ከአልጋ እንዴት እንደሚነሳ፣ እጁ እንዴት እንደሚሠራ ሰልጥነው ለቤተሰቡ ያሳዩ። እድሮቻችንም ለቀብር ድንኳን ከሚተክሉበት ገንዘብ ጥቂቱን ለታመመ አባላቸው ታክሲና ለባለሙያ ክፍያ ቢያውሉ ማን ይቃወማል?

መርፌውን የሚያቀርብላችሁን ሰው ደግሞ ጠይቁት፦ በስንት ሰው ላይ ተሞከረ? ካልወሰዱት ጋር ተነጻጽሯል? ስንቱ ያለ ድጋፍ ሄደ? መልስ እስኪያመጣ ድረስ የግፊቱ ክኒን እንዳይቋረጥ። ለመርፌ ተበድረው ክኒኑን መግዛት ያቃታቸው ቤቶች አሉ፤ ሁለተኛው ስትሮክ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ካልታከመ ግፊት ነው።