ስቅለቱን በአካፋ ፍቀን ባነር ሰቀልን

የወሎ ሰው ሆይ፣ ዛሬ ጉዳዬ ከእናንተ ጋር ነው። በየደብሩ ኮሚቴ ሆናችሁ ለምታገለግሉት፣ ከአዲስ አበባም ከአረብ ሀገርም ከአሜሪካም ብር እየላካችሁ «የተጠመቅንባት ቤተክርስቲያን ትታደስልን» ለምትሉት፣ በምረቃው ቀን ቆማችሁ እልል ላላችሁትም ጭምር ነው የምናገረው። የሚቀየም ይቀየመኝ። እኔም ወሎዬ ነኝ፣ «እኛ» ስል ራሴን አውጥቼ አይደለም።

ነገሩ የሆነው አምባሰል ውስጥ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ነው። ስሟን አልጠራም፣ ሰፈሩን ማሳፈር አልፈልግም፣ ደግሞም የእሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄን ያህል አልቆጣም ነበር። ክብ ናት፣ በእንጨትና በጭቃ የተሠራች፣ ሳሯ ወርዶ ቆርቆሮ ከለበሰች የቆየች። ከውጭ ላያት ምንም አትመስልም። ውስጥ ገብቶ ቅኔ ማኅሌቱን አልፎ ቅድስቱ ላይ ቆሞ ወደ መቅደሱ ቀና ያለ ሰው ግን እጁን አፉ ላይ ጭኖ ነበር የሚቀረው። የመቅደሱ ግድግዳ አራቱም ማዕዘን ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነበር። በጥጥ ሸማ ላይ ተስሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ፣ የጌታ ሕይወት ከብስራቱ እስከ ዕርገቱ በተርታ። ሸማውን የሸመነው የታችኛው ሰፈር ሙስሊም ሸማኔ ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ፣ ለቤተክርስቲያን ከሆነ ዋጋ አልቀበልም ብሎ።

ብስራቱ ላይ እመቤታችን እንዝርቷን ይዛ ስትፈትል ገብርኤል ይመጣባታል። ልደቱ ላይ ላሟና አህያዋ በትንፋሻቸው ያሞቁታል። ዮርዳኖስ ውስጥ ሲቆም በእግሩ ዙሪያ ዓሣዎቹ ይታያሉ። ሐሙስ ማታ ዝቅ ብሎ የጴጥሮስን እግር ያጥባል። ከዚያ ስቅለቱ። ስቅለቱ ምዕራብ በኩል ከበሩ በላይ ነበር፣ ትልቁም እሱ ነው። ፀሐይ ጠቁራ፣ ጨረቃ ደም ለብሳ፣ መላእክት ደሙን በጽዋ እየተቀበሉ፣ ከመስቀሉ ሥር የአዳም ራስ ቅል፣ በቀኙ እናቱ በግራው ዮሐንስ። ጎኑን የወጋው ወታደር ለንጊኖስ ጦሩን ይዟል። የሚገርፉትና የሚዘብቱበት ሁሉ ፊታቸው በጎን ተስሎ አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው፣ እሱና ወዳጆቹ ግን ሙሉ ፊት በሁለት ዓይን። ይሄ የአባቶቻችን የአሳሳል ሕግ ነው፣ ፊደል ያልቆጠረ ልጅ እንኳን ማን ከማን ጋር እንደቆመ በአንድ እይታ ይለያል። ከእመቤታችን ኋላ ከቆሙት ሴቶች አንዷ ደግሞ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው የለበሰችው፣ ልክ እናቶቻችን ለቅሶ ላይ እንደሚለብሱት። ያ ሠዓሊ ጎልጎታን አላያትም፣ የአምባሰልን ለቅሶ ግን አይቷል፣ እናም የጌታን ሞት የእኛ ሴቶች እንዲያለቅሱለት አደረገ። ይሄን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይላወሳል።

እና ምን ሆነ መሰላችሁ። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ገንዘብ ተሰበሰበ፣ ግድግዳው አርጅቷል ሥዕሉም በእጣንና በጧፍ ጢስ ጠቁሯል ተባለ። መጥቆሩስ እውነት ነው። ቆርቆሮው ያፈስ ነበር፣ አንድ ማዕዘን ላይ ውሃ ወርዶ ሸማውን አስለቅቆታል፣ እሱም እውነት ነው። ስለዚህ ምን ይደረግ ሲባል ይፋቅና በሲሚንቶ ይለሰን፣ ቀለም ይቀባ፣ «አዲስ ሥዕል» ይሰቀል ተባለ። ማንም አልጠየቀም፣ የሚያውቅ ሰው አልተጠራም፣ ፎቶ እንኳን ያነሳ የለም። ክረምቱ ሳይገባ ለመጨረስ ተቻኩለው የሰፈሩን ወጣት ጠሩና አካፋና መዶሻ አስያዙት። ሙጫው እንዲለቅ በጀሪካን ውሃ እያመጡ ደፉበት፣ ከዚያ በአካፋ ከስር ከስር እየገቡ ላጡት፣ አልላቀቅ ያለውን በእጅ እየሳቡ ቀደዱት። እዛው ደጀ ሰላሙ ላይ ቁጭ ብለው የነበሩ አንዲት እማሆይ «ልጄ፣ ሲቀደድ ይሰማኝ ነበር» ነው ያሉኝ፣ ሌላ ምንም አላሉም።

ይሄ አልበቃ ብሎ የወጣውን ሸማ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ዘረጉትና ሲሚንቶ አቦኩበት። አዎ፣ አቦኩበት! አሸዋው ከአፈር እንዳይቀላቀል ማንጠፊያ አደረጉት። የሚጠመቀውን ጌታ፣ እግር የሚያጥበውን ጌታ፣ አንጥፈው በአካፋ አገላበጡበት። ስደርስ ቁርጥራጩ አጥሩ ሥር ተጥሎ ነበር፣ አንዱን አነሳሁት፣ የእመቤታችን ፊት ነው፣ ሲሚንቶ አንድ ዓይኗ ላይ ደርቆ ተጣብቋል፣ በጥፍሬ ላነሳው ብሞክር ቀለሙም አብሮ ሊመጣ ሲል ተውኩት።

ይሄ ሥዕል እኮ በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ያልተሸጠ ሥዕል ነው። ቄሶቹ የሚቀምሱት አጥተው ሰፈሩ ወደ መጠለያ ሲፈስ እንኳን አንዲት ቁራጭ አልወጣችም ብለው ሽማግሌዎቹ በኩራት ነው የሚነግሩኝ። በ2014ቱ ጦርነት ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ ግድግዳው ተንቀጥቅጦ ሥዕሉ ግን በቦታው ነበር። ረሃብና ጦርነት ያላወረደውን እኛ በሰላም ቀን በዋጋችን ሰው ቀጥረን አወረድነው።

በቦታው የተሰቀለውን ደግሞ ልንገራችሁ። ባነር ነው። ለሱቅ ማስታወቂያና ለምርጫ ቅስቀሳ የሚታተመው ያ ፕላስቲክ ባነር፣ በየጠርዙ የገመድ ቀዳዳ ያለው፣ በሚስማር ተመትቷል። ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ ስቅለት ነው፣ ጸጉሩ ወርቃማ፣ ዓይኑ ሰማያዊ። ፎቶው ትንሽ ስለነበር ሲለጠጥ ፊቱ ወደ ጎን ሰፍቶ ደብዝዟል፣ ቀረብ ሲሉ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ ብቻ ነው የሚታየው። ከታች፣ ከተቸነከረው እግር ሥር፣ የማተሚያ ቤቱ ስልክ ቁጥር አለ። ስልክ ቁጥር! በስቅለት ዕለት ሰው የሚሰግደው በዛ ፊት ነው። ሲመረቅ እልልታው ቀለጠ፣ ቴሌግራም ላይ «እንኳን ደስ አላችሁ» ጎረፈ፣ ልብ ምልክቱ ተደረደረ።

ከኮሚቴው አንዱን፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ በአክብሮት ጠየቅኳቸው። ያሉኝን ይቅር ልል አልቻልኩም። «ያ እኮ የድሮ ሰው ሥራ ነው፣ ዓይናቸው ትልልቅ፣ ጣታቸው ረዣዥም፣ ሰው አይመስሉም። ይሄኛው እውነተኛውን ይመስላል» አሉኝ።

እውነተኛውን! ማን አይቶት? የፈረንጅ ሠዓሊ ጌታን ሲስል የራሱን ሀገር ሰው መልክ ሰጠው፣ የራሱን ሰማይ የራሱን ልብስ አለበሰው፣ አልከፋበትም፣ ለወገኑ ነው የሳለው። የእኛም አባቶች ያንኑ አደረጉ። የእነሱ እውነት ሆኖ የእኛ «ሰው የማይመስል» የሆነው መቼ ነው? ዓይኑ የተለቀው ሠዓሊው ዓይን መሳል አቅቶት አይደለም፣ ከፊቱ ስትቆም እሱ እንዲያይህ ነው። ይሄን ለእኔ ማንም አስተማሪ አልነገረኝም፣ እናቴ እጄን ይዛ ወዲህና ወዲያ እያስኬደች «አየኸው፣ የትም ብትሄድ ያይሃል» እያለች ነው ያሳየችኝ።

እነዛ እማሆይ ዘንድሮ ዓርብ ስቅለት ዕለት ከቅድስቱ ወጥተው ውጭ ዛፍ ሥር ሲሰግዱ ዋሉ። ለምን ሲባሉ «እኔም አላውቀውም፣ እሱም አያውቀኝም» አሉ አሉ። ይሄን የነገረኝ ልጅ እየሳቀ ነበር፣ እኔ ግን ስልኩን ዘጋሁበት።

ወገኖቼ፣ መቅደላ እኮ ሩቅ አይደለችም፣ እዚሁ ወሎ ናት። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዝ አምባውን ሲዘርፍ ነገሥታቱ ሲዘምቱ ከፊታቸው የሚያስቀድሙትን ኩርዓተ ርእሱን፣ እሾህ አክሊል የደፋውን የጌታ ሥዕል፣ ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ወሰደው፣ ወስዶም ለራሱ አስቀረው። እስከ ዛሬ ሌባ እንላቸዋለን፣ ልክ ነን፣ ይመለስ እንላለን፣ ልክ ነን። ግን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሳኛል፣ ያ ሥዕል ሳይወሰድ ከእኛ ደብሮች ባንዱ ኖሮ ቢሆን ዛሬ የት ይሆን ነበር? ሲሚንቶ ሥር? ይሄን ስጽፍ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ለሌባ ጠበቃ መሆኔ አይደለም፣ ሌባውን የምንከስበት አፍ እንዳናጣ ነው።

ላስታ ይምርሃነ ክርስቶስ ዋሻው ውስጥ ከ800 ዓመት በላይ የቆየ ቤተክርስቲያን ግድግዳው ላይ ሥዕል አለው። ገነተ ማርያም በይኩኖ አምላክ ዘመን የተፈለፈለች ናት፣ የተሳለውን ለማየት ሰው ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። ላሊበላ ቤተ ማርያም ጣሪያውና ቅስቱ ሳይቀር ቀለም ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዓ ያሠሩት ሥዕል ያለበት ወንጌል ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል። ፈረንጁ የእኛን ሊያይ አውሮፕላን ይሳፈራል፣ እኛ የእሱን አውርደን በእኛው ላይ እንቸነክራለን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ያሉት ለእኛ ነው።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «እና ይፍረስብን? ይፍሰስብን?» ትሉኝ ይሆናል። ማን አለ! ይታደስ እንጂ። ቆርቆሮው ቢጠገን ኖሮ ግማሹ ችግር እኮ አልቆ ነበር፣ ሥዕሉን የገደለው ከላይ የሚወርደው ውሃ ነው። የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ መለሰን ደግሞ ለግድግዳውም ደግ አይደለም፣ ጭቃው እርጥበቱን የሚተነፍስበት ያጣል፣ ሲሚንቶው ይሰነጠቅና እየተገመሰ ይወድቃል፣ ጭቃ ቤት የሠራ ሽማግሌ ጠይቁ ይነግራችኋል። ሕጉም አለ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስን ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ መጠገን እንኳን አይቻልም፣ መፋቅማ አይነሳም። ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ቢሮ አለ፣ ሀገረ ስብከት አለ። አንድ ደብዳቤ ነበር የሚያስፈልገው። አንድ ሰው «እስቲ ቆዩ» ቢል ነበር የሚያስፈልገው፣ እና ከዛ ሁሉ ሰው አንድ አልተገኘም፣ ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ።

ብር የምትልኩ ወንድምና እህቶቼ፣ ለሲሚንቶ ስትልኩ ሲሚንቶው ምን ላይ እንደሚለሰን ጠይቁ። ፎቶ ላኩልን በሉ፣ ከመነካቱ በፊት ያለውን እንጂ ከተመረቀ በኋላ ያለውን አይደለም። ካህናት አባቶቼ፣ እግራችሁ ሥር ወድቄ ነው የምለምናችሁ፣ ኮሚቴው ሲቸኩል እናንተ አትቸኩሉ፣ ሥዕሉ ፊት ዕጣን ያጠናችሁት እናንተ ናችሁ። ወጣቶች፣ አካፋ ሲሰጧችሁ መጀመሪያ ስልካችሁን አውጡ። ሁሉንም ግድግዳ አንሱት፣ ከሩቅም ከቅርብም፣ ጥጋጥጉን ሳይቀር፣ ቢያንስ ምን እንደነበረ ይታወቃል።

ከዛች ደብር የተረፈ ነገር አለ። በሰሜን በኩል ያለው ትንሣኤው፣ ጌታ አዳምንና ሔዋንን የእጃቸውን አንጓ ይዞ ከሲኦል ሲያወጣቸው የሚያሳየው፣ ቀድሞ ውሃ ያስለቀቀው ማዕዘን ላይ ስለነበር ከሌላው በፊት በደህና ተነስቶ ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ገብቷል። ከፋቂዎቹ ወጣቶች አንዱ ሰሞኑን ደወለልኝ። ዕቃ ቤቱም እንደሚያፈስ፣ ጥቅሉን አውጥቶ ደረቅ ቦታ ከፍ አድርጎ እንዳስቀመጠው ነገረኝና «አሁን ምን ላድርገው?» አለኝ። አትጠበው፣ ፀሐይ ላይ አታስጣው፣ አትጠፈው፣ ሙጫ እንዳታስነካው፣ የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ እንዳለ ተወው አልኩት። ለሚያውቁት ሰዎች ጽፌያለሁ፣ እስካሁን የመጣ የለም። ተስፋ ልቁረጥ ብዬ አስቤ ነበር፣ ልጁ ግን በየሳምንቱ «መጡ ወይ?» እያለ ቴክስት ያደርጋል። ከእናንተ ውስጥ በዚህ ሙያ ያለ፣ ወይ ሙያው ያለውን የሚያውቅ ካለ፣ ደሴ ድረስ ይምጣልን፣ ከደሴ ወዲያ ያለውን እኔ አደርሰዋለሁ።