ጩኸቱን በቦሎ ጊዜ እንለካው

የሞተር ሳይክሉን ጭስ ማውጫ የሚቀይር ሁሉ ጩኸት ፈልጎ አይደለም። አብሮት የመጣው ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ከጥቂት ክረምት በኋላ ከሥሩ ይበሰብሳል፣ ኦርጅናሉ ደግሞ ኪስ ይጎዳል። ስለዚህ ሰው ኮፒውን ይገዛል ወይም ብየዳ ቤት ወስዶ ያስጠግናል። በዚህ ጠብ የለኝም። ጠቤ ሆን ተብሎ ተቆርጦ፣ ድምፅ የሚያፍነው ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ተመልሶ ከተበየደው ማርሚታ ጋር ነው። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ አንድ እንዲህ ያለ ሞተር ሲያልፍ ሰፈሩ በሙሉ ይነቃል።

“ጉልበት ይጨምራል” ይላሉ ሞተረኞቹ። ለእሽቅድድም ሞተር እውነት ነው፤ እዚያ የቱቦው ርዝመትና ስፋት ተሰልቶ፣ አየሩና ነዳጁም አብረው ተስተካክለው ነው የሚገጠመው። በየመንገዱ የምናየው ባለ 150 ሲሲ ቦክሰር ግን ያለው ጉልበት 12 ፈረስ ገደማ ነው። ጭሱን ብትለቁለት እንኳ ካርቡሬተሩ፣ የአየር ማጣሪያውና የቫልቮቹ ስፋት እዚያው ይይዙታል። እንዲያውም ባልተሰላ ቱቦ የዝቅተኛ ዙር ጉልበቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ዕቃ ጭኖ ከአራት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ለሚወጣ ሰው የሚያስፈልገው ደግሞ እሱ ነው።

“ግን እኮ ስቀይረው ቀለለኝ” የሚለውም አይዋሽም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተማ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለቆላ አየር የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩም ይታፈናል። ጭስ ማውጫው ሲከፈት ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ትንሽ ይጨምርና ሞተሩ የተፈታ ይመስላል። ነገር ግን ካርቡሬተሩን ማስተካከል ያንኑ ውጤት ይሰጥ ነበር፣ ያውም ያለ ጩኸት። ያው ሞተር ወደ አዋሽ ሲወርድ ነገሩ ይገለበጣል፦ አየር ይበዛል፣ ቤንዚን ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ነጂው የቤንዚን መስጫውን ሲለቅ ከኋላ ይተኩሳል። ይህ ሲደጋገም የጭስ ማውጫው ቫልቭ ይቃጠላል። የቫልቭ ሥራ የሚያስወጣውን የሠራ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ደኅንነት ነው፦ ድምፁን የሰማ ሹፌር ይጠነቀቃል ይባላል። በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን መርምሮ በ1981 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የሃሪ ኸርት ጥናት ግን ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው አደጋ የመጣው ከፊት ለፊት እንደሆነ አሳይቷል። ማርሚታው የሚጮኸው ወደ ኋላ ነው። መስታወቱን ዘግቶ ሙዚቃ የከፈተ ሹፌርማ መቼ ሊሰማ!

የሚጎዳውስ ማን ነው? ከሁሉ በፊት ነጂው ራሱ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተመራማሪዎች ጆሮ 85 ዴሲቤልን በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መስማት የለበትም ይላሉ፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲያደርስ የሚውል ወጣት ይህንን ማንም አልነገረውም።

ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ስለ ድምፅም ደረጃ እንዲወጣ ያዛል፤ በወጣው ደረጃ የመኖሪያ ሰፈር ወሰን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ግን ይህ የሰፈር ልክ ነው። አልፎ የሚሄድን አንድ ሞተር በዚህ መክሰስ አይቻልም። ትራፊክ ፖሊስ በጆሮው ገምቶ ይቅጣ ከተባለ ደግሞ ትርፉ ጭቅጭቅና ጉቦ ነው። ሁሉንም በጅምላ ማገዱንም አይተነዋል፤ ሰኔ 30 ቀን 2011 አዲስ አበባ ላይ የተጣለው ክልከላ በወንጀል ምክንያት ቢሆንም በሞተሩ እንጀራ የሚበላውን ጭምር ነክቷል። ፈረንሳይ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምራ በመንገድ ዳር የምትሞክረው የድምፅ ራዳር ለእኛ ገና ቅንጦት ነው።

እኔ የምለው ቦሎ የሚሰጥበት ዓመታዊው ምርመራ ላይ ይለካ ነው። አሠራሩ በአውሮፓ የታወቀ ነው፦ መለኪያው ከማርሚታው አፍ ግማሽ ሜትር ርቆ በ45 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ሞተሩ ከፍተኛ ጉልበቱን በሚሰጥበት ዙር ግማሽ ላይ ይያዛል። ከፍተኛ ጉልበቱን በ7,500 ዙር የሚሰጥ ሞተር በ3,750 ይለካል ማለት ነው። እኛ ዘንድ የሚነዱት ሞዴሎች ብዙ ስላልሆኑ፣ የእያንዳንዱን አዲስ ሞተር ድምፅ አስቀድሞ ለክቶ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ከባድ አይደለም። ከሠንጠረዡ በብዙ ያለፈ ቦሎ አያገኝም፤ ግን አንድ ወር ይሰጠው፣ ማርሚታውን አስተካክሎ ይምጣ፣ ድጋሚ ልኬቱም በነፃ ይሁን። ኮፒ ገጠመ ተብሎ ማንም አይመለስ፤ ሆድ ዕቃው እስካለና ልኩን እስካሟላ ድረስ የማን ሥራ እንደሆነ የመርማሪው ጉዳይ አይደለም።