ስለ ሮክ ሬዲዮ ሁሉም «ድሮ ቀረ» ይላል

ዕድሜ ጠገብ ከሆኑት የሮክ ሬዲዮ ጣቢያዎች አንዱን ውሰዱና አድማጮቹ በየዘመኑ ያሉትን አንብቡ። ቅሬታው አንድ ነው፤ ድሮ ቀረ! በ1970ዎቹ ያደገው የ1970ዎቹን ዲጄዎች ይናፍቃል። በ1990ዎቹ ያደገው ደግሞ የ1990ዎቹን። የአንዱ ወርቃማ ዘመን ለሌላው ጣቢያው የተበላሸበት ዘመን ነው። (ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ትዝታ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔም ሰዎቹ የናፈቃቸው ጣቢያው ሳይሆን ወጣትነታቸው ነው እል ነበር። አሁን ግን ግማሽ እውነት አላቸው ባይ ነኝ። ሌላው ግማሽ ትንሽ ያስተዛዝባል።

በ1967 ቶም ዶናሁ የተባለ ሰው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ኬኤምፒኤክስ በሚባል የኤፍኤም ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ያኔ ኤፍኤምን የሚሰማው ጥቂት ሰው ነበር። ስለዚህ ዲጄው የፈለገውን ሸክላ ቢያሽከረክር ተው የሚለው የለም። ረጅም ዘፈን ሳይቆረጥ ያልቃል። አድማጭ ሲበዛ ግን ማስታወቂያ መጣ፤ ማስታወቂያ ሲመጣ አማካሪ ተከተለ። በ1970ዎቹ እንደ ሊ አብራምስ ያሉ ሰዎች አድማጭ የሚወደውን እያጠኑ የሚጫወተውን ዝርዝር አጠበቡት።

የጥናቱ አንዱ መንገድ እንዲህ ነው። ቤትዎ ስልክ ይደወላል። ከአንድ ዘፈን ላይ በጣም የሚታወቀው ቦታ ለጥቂት ሰከንድ ይሰማዎታል። ያውቁታል? ይወዱታል? ወይስ ሰልችቶዎታል? ቀጥሎ ሌላ ዘፈን፣ ከዚያ ሌላ። እስቲ ሰምቶት የማያውቀውን ዘፈን በጥቂት ሰከንድ የሚወድ ማን ነው? የሚያልፈው የታወቀው ነው። «ያችኑ ዘፈን ጠዋትም ማታም» የሚለው ምሬት ከየት እንደመጣ ገባችሁ? አድማጩን ያሰለቸው ሌላው አድማጭ በስልክ የመለሰው መልስ ነው።

የአድማጭ ቆጠራውም ተቀይሯል። አሜሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የተመረጡ ሰዎች የሳምንት ማስታወሻ ደብተር ይሰጣቸው ነበር። የሰሙትን ጣቢያ በእጃቸው ይጽፋሉ። ታዲያ ሰው የሚወደውን ጣቢያ ያስታውሳል፤ ሳይሰማው ቢውልም ጽፎ ያልፋል። ከ2007 ጀምሮ በትልልቅ ከተሞች ኪስ ውስጥ ወይም ቀበቶ ላይ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ መጣ። መሣሪያው ይሉኝታ አያውቅም። ሱቅ ውስጥ ሳትፈልጉ የሰማችሁትን ይመዘግባል፤ ልባችሁ ያለበትን አይመዘግብም።

ዋሽንግተን አካባቢ ደብልዩኤችኤፍኤስ የሚባል ስመ ጥር የሮክ ጣቢያ ነበር። ጥር 12 ቀን 2005 እኩለ ቀን ላይ ያለ ማስጠንቀቂያ የስፓኒሽ ሙዚቃ ጣቢያ ሆነ። አድማጩ ተንጫጫ፣ ፊርማ ተሰበሰበ። ባለቤቱ በቀናት ውስጥ ስሙን በሌላ ሞገድ ላይ፣ ለማታና ለቅዳሜና እሁድ መለሰው። ቀድሞውንም ግን የጣቢያው የአድማጭ ቁጥር ወርዶ ነበር። ካለቀሱት ውስጥ ስንቱ ባለፈው ወር ከፍቶት ነበር? እኔ እጠራጠራለሁ።

የእንግሊዙ ሲክስ ሙዚክም አለ። ሮክና ከዋናው ገበያ ወጣ ያለ ሙዚቃ የሚያጫውት፣ በ2002 የተከፈተ የቢቢሲ ጣቢያ ነው። በ2010 መጋቢት ላይ ቢቢሲ ልዝጋው አለ። አድማጮች ጻፉ፣ ሰልፍ ወጡ፤ ሐምሌ ላይ ሐሳቡ ውድቅ ሆነ። የአድማጩ ድምፅ ያሸነፈበት ጊዜ ነው፣ ደስ ይላል። ብቻ ቁጥሩን አንድ ጊዜ እዩት። ከዚያ በፊት ጣቢያው በሳምንት 700 ሺህ ገደማ አድማጭ ነበረው። ሊዘጋ ነው የሚለው ወሬ በተናፈሰባቸው ወራት ከአንድ ሚሊዮን አለፈ።