ኮዱ «ሴንሰር ቀይር» አላለም

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ የመኪና ፕሮግራም የቀረቡ የጋራዥ ባለቤት፣ ባለመኪና የቼክ ኢንጅን መብራት ሲበራ የመኪናው ኮምፒውተር የሚመዘግበውን የብልሽት ኮድ በርካሽ መሣሪያ ማንበቡን ይተው፣ ኮምፒውተሩ የተበላሸውን ዕቃ ለባለሙያ በስሙ ይናገራል ሲሉ ሰማን። የመጀመሪያዋን እንለፋት፤ ሁለተኛዋ ግን ነጭ ውሸት ናት። ኮዱ የሚናገረው የሕመሙን ምልክት ነው፤ ዕቃውን የሚገምተው ጋራዡ ነው፣ የሚከፍለው ደግሞ ባለመኪናው።

ፒ 0171 የተባለውን ኮድ ያዙ። የሚለው «የአየርና የቤንዚኑ ድብልቅ ቤንዚን አንሶታል» ብቻ ነው። ይህን ያየው ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ነው፤ በየጋራዡ ቀድሞ የሚነቀለውም እሱ ነው። ሌባ አይቶ የጮኸን ውሻ እንደመግደል! አዲሱም ተገጥሞ ይጮኻል፤ ጥፋቱ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር፣ የደከመ የቤንዚን ፓምፕ ወይም የተደፈነ ፊልትሮ ሊሆን ይችላላ።

ለመለየት ያ የተናቀው መሣሪያ ይበቃል። ከመሪው ሥር ባለው ባለ 16 ፒን ሶኬት ይሰኩት፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ይጠብቁ፣ ከዚያ መሣሪያው ስልክዎ ላይ የሚያሳያቸውን፣ የአጭርና የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያ የሚባሉትን ሁለት ቁጥሮች ይደምሩ። ለዜሮ ከቀረቡ ጤና ነው፤ ከ10 በመቶ በላይ ወደ ፕላስ ከወጡ ኮምፒውተሩ ቤንዚን እየጨመረ ጉድለት እየሸፈነ ነው። መጀመሪያ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረግጡ፣ ያንብቡ፤ ቀጥሎ ሞተሩን በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ይያዙት። የአየር መለኪያ ሴንሰር ባላት መኪና ሚኒሞ ላይ 20 የነበረው ወደ 4 ከወረደ፣ ከስሮትሉ (የሞተሩ የአየር በር) በኋላ አየር እየሾለከ ይገባል። ቀዳዳው አልጠበበም፤ ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ የሾለከችው ከቁጥር ስለማትገባ ነው። ወደ ፍሬን ሰርቮው (የፍሬን አጋዡ) የሚሄደውን ጨምሮ የጎማ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ይጨብጡ፤ የሞተሩ ድምፅ የተለወጠበት ቦታ ላይ ሌባው አለ። ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጠው የሚያሻቅብ ከሆነ ግን ፓምፑን፣ ፊልትሮውን ወይም አየር መለኪያውን ይጠርጥሩ። ይህን ሁሉ ለማየት አንድም ዕቃ አልተገዛም።

ፒ 0301፣ የአንደኛው ሲሊንደር አለመተኮስ (ቤንዚኑ በውስጡ በትክክል አለመቀጣጠሉ)፣ ከዚህም ይቀላል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የአንደኛውን ኮይል (ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠውን) ከሁለተኛው ያቀያይሩ፣ ኮዱን አጥፍተው ይንዱ። 0302 ሆኖ ከመጣ ኮይሉ ነው። እዚያው ከቀረ ካንዴላውን እንዲሁ ያድርጉ፤ ከዚያ ኢንጀክተር (ቤንዚን የሚረጨው) እና ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ እመቃ) ይቀራሉ።

ኮድ ማጥፋት ማስረጃ ያጠፋል የሚሉት እውነት ነው። ኮዱ ሲመዘገብ የነበረው የሞተር ሙቀት፣ ዙርና ፍጥነት አብሮ ይሰረዛል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ስክሪኑን ፎቶ ማንሳት። ግን ማን ነው ሳይመዘግብ አጥፍቶ «ተሠርቷል» የሚለው? መብራቱ ከጋራዡ በር እስኪወጡ ጠፍቶ፣ ኮምፒውተሩ ፍተሻውን ሲጨርስ ተመልሶ የሚበራው ለዚህ ነው።

የኤርባግ ኮድ በቤት አይነካም፤ ይህን እቀበላለሁ። ብልጭ ድርግም የሚል ቼክ ኢንጅንም ካታሊስቱን (ጭስ ማውጫው ውስጥ ያለውን ጭስ ማጣሪያ) የሚያቃጥል አለመተኮስ ስለሆነ መኪናው ይቁም። ለጃፓን ገበያ ከተሠሩ አንዳንድ አሮጌ ቪትዞች ጋርም ርካሹ መሣሪያ ጭራሽ አይግባባም።

የተቀረው ሰበብ ነው። «ሴንሰሩ ሄዷል» ሲሉዎት፣ ማስተካከያው ሚኒሞ ላይ ስንት፣ 2,500 ላይስ ስንት ነበር ብለው ይጠይቁ። ቁጥሩን ያልያዘ መካኒክ ሴንሰሩን በራሱ ገንዘብ ይግዛ።