ውሃ ጥሙ ሲመጣ ስኳሩ ሰንብቷል

ስለ ስኳር በሽታ በተነገረ ቁጥር የሚደረደሩት ምልክቶች ያው ናቸው፦ ውሃ ጥም፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ድካም። ሁሉም እውነት ናቸው። የሚያሳስበኝ «እነዚህ የሉብኝም፣ ስለዚህ ደህና ነኝ» ብሎ የሚኖረው ሰው ብዛት ነው። በአዋቂዎች ላይ በብዛት የሚታየው ዓይነት 2 ስኳር በሽታ እነዚህን ምልክቶች የሚያሳየው ዘግይቶ ነው፤ ብዙዎች ላይ ለዓመታት ጨርሶ ላያሳይ ይችላል።

ነገሩ ያለው ኩላሊት ላይ ነው። ጤናማ ኩላሊት ከደም ያጣራውን ስኳር መልሶ ወደ ደም ያስገባዋል፣ በሽንት አያባክነውም። ይህ አቅሙ የሚያልቀው የደም ስኳር በዴሲ ሊትር 180 ሚሊ ግራም ገደማ ሲደርስ ነው። ከዚያ ሲያልፍ እንደ ሞላ ግድብ ትርፉን ወደ ሽንት ይለቀዋል፤ ስኳሩም ውሃ አስከትሎ ይወጣል። ሰው ሌሊት ደጋግሞ የሚነሳው፣ ጠጥቶም ጥሙ የማይቆርጥለት ያኔ ነው። የጥንት ሕንድ ሐኪሞች የእነዚህ ሕሙማን ሽንት ጉንዳን እንደሚስብ አስተውለው ነበር። ግሩም ምልከታ ነው፤ ግን ጉንዳኑም ቢሆን የሚመጣው ስኳሩ ከ180 ካለፈ በኋላ ነው።

ይህን ቁጥር ከምርመራው ቁጥር ጋር አስተያዩት። ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ ሳይቀመስ የተለካ የደም ስኳር ከ100 በታች ከሆነ ጤናማ ነው። ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር በሽታ ይባላል። 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ስኳር በሽታ ነው። እንግዲህ በባዶ ሆዱ 135 ወይም 140 እየሆነ የሚውል ሰው በሽታው አለበት፤ ሆኖም ይህ ነው የሚባል ጥም ላይሰማው፣ ላይከሳም ይችላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስኳሩ የዓይንንና የኩላሊትን ጥቃቅን የደም ሥሮች፣ የእግርንም ነርቮች መጉዳቱን አያቆምም። በ1977 በብሪታንያ የተጀመረው ትልቁ የዓይነት 2 ስኳር በሽታ ጥናት ሕሙማኑን የመዘገበው በሽታው ገና እንደታወቀባቸው ነበር፤ ያም ሆኖ ግማሽ ያህሉ ላይ አስቀድሞ የደረሰ ጉዳት ተገኝቷል።

ቀድሞ የሚታይ ምልክት ጭራሽ የለም ማለቴ አይደለም። አንዱ በግልጽ እየታየ ይታለፋል፦ የአንገት ጀርባና የብብት ቆዳ ጠቆር፣ ወፈር ማለት። ብዙ ሰው እድፍ መስሎት በሳሙና ይፈትገዋል፣ አይለቅም። ሰውነት ስኳርን ከደም ወደ ሴሎች ለሚያስገባው ሆርሞን፣ ለኢንሱሊን፣ የሚሰጠው ምላሽ ሲደክም ቆሽት እጥፍ ድርብ ኢንሱሊን ማምረት ይጀምራል፤ የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ የቆዳን ሴሎች ያበዛል። ይህ የደም ስኳሩ ራሱ ገና ከፍ ሳይል ሊከሰት ይችላል። ልጅ አንገት ላይ ካያችሁትም አትለፉት። ቶሎ የማይድን ቁስል፣ የሚመላለስ የፈንገስ በሽታ፣ የእግር ጣት መደንዘዝ፣ ብዥ የሚል ዓይንም እንዲሁ ለምርመራ በቂ ምክንያት ናቸው።

ምንም የማይሰማውስ? ይለካ። የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር ማንኛውም ሰው ከ35 ዓመቱ ጀምሮ እንዲመረመር፣ ውጤቱ ጤናማ ከሆነም ቢያንስ በየ3 ዓመቱ እንዲደግም ይመክራል። ክብደቱ የጨመረና ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ ስኳር ያለበት ሰው 35 እስኪሞላው መጠበቅ የለበትም። በእርግዝና ጊዜ ስኳር የታየባት ሴት ከወለደች በኋላ ስኳሩ ቢስተካከልላትም ዕድሜ ልኳን መከታተል አለባት፤ ይህን ግን ስንቶቹ ናቸው የሚነገራቸው?

እስካሁን ያልኩት በብዛት ልጆችና ወጣቶች ላይ በሚጀምረው፣ ቆሽት ኢንሱሊን ማምረት በሚያቆምበት በዓይነት 1 ስኳር በሽታ ላይ አይሠራም። እዚያ ነገሩ የቀናትና የሳምንታት ጉዳይ ነው። አልጋ ላይ መሽናት ትቶ የነበረ ልጅ እንደገና ከጀመረ፣ ውሃ አልጠግብ ካለ፣ ከከሳ በዚያው ቀን ስኳሩ ይለካ። ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ በረጅሙ መተንፈስ ወይም የበሰበሰ ፍራፍሬ የሚመስል የአፍ ሽታ ከታከለበት በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው መሮጥ፤ ሰዓታት ነፍስ ይወስናሉ።

ከፍ ያለ ቁጥር ያየ ሰው ሊይዘው የሚገባ ተስፋ አለ። በ2002 በታተመው የአሜሪካ ጥናት ቅድመ ስኳር በሽታ የነበረባቸው ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሲጥሩ፣ ወደ ስኳር በሽታ የመግባት ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ኪኒን የወሰዱት በ31 በመቶ። ሥራው የየዕለት ነው፦ ጣፋጭ መጠጥን መተው፣ የፍራፍሬ ጭማቂንም ጨምሮ፤ ከምግብ በኋላ ተነስቶ 10 ወይም 15 ደቂቃ መራመድ። የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ ስኳርን ከደም ይስባል።

መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ቀጠሮ ሲደርስ ጥቂት ቀን ተጠንቅቆ የጠዋት ቁጥሩን ሊያሳምር ይችላል። ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ ግን ያለፉትን 2 ወይም 3 ወራት የደም ስኳር አማካይ ስለሚያሳይ እንዲህ አይታለልም፤ ለብዙ አዋቂዎች ግቡ ከ7 በመቶ በታች ነው። የደም ማነስ ያለበት ሰው ውጤቱ ሊዛባ ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገር። ቁጥሩ ሲስተካከል «ዳንኩ» ብሎ መድኃኒት ማቆም ደግሞ በጣም ያሳዝነኛል፤ ብዙ ጊዜ ያስተካከለው ያው መድኃኒቱ ነውና። መቀነስም ሆነ ማቆም ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ነው።

ኢንሱሊን ወይም ስኳር በኃይል የሚያወርድ ኪኒን የሚወስድ ሰው ቤተሰቦች አንድ ነገር ይወቁ። ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ ስኳሩ ከ70 በታች ወርዶ ሊሆን ይችላል። መዋጥ የሚችል ከሆነ 15 ግራም ያህል ስኳር፣ ማለትም 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ በውሃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩ፣ ስኳሩ ከፍ ካላለ ድገሙት። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ወዲያውኑ የሕክምና እርዳታ ጥሩ።